ስለት የሌለባት

በፉሪ ተራራ ግርጌ መጠጥ የምትሸጠው አሰገደች ያቺን ሴት ልብ ያለቻት በአመራረጧ ነው። ሌላው መንገደኛ የተቀዳለትን ጨልጦ ይሄዳል። ይህቺ ግን እጅጌውን የአጥር ሽቦ የቦጨቀው የወንድ ካፖርት በቀሚሷ ላይ ደርባ፣ የወታደር ኮዳ በትከሻዋ አንግታ፣ የቀረበላትን ሁሉ ታማርጥ ጀመር። ጠላውን «ጉልበት ያስራል»፣ አምቦ ውሃውን «ዳገት ላይ ያስገሳል» ብላ መለሰች። ብርዙን በኮዳዋ ሙሉ አስቀዳችና ሎሚ ጨመቀችበት፤ ከኪሷም ጨው አውጥታ ነሰነሰችበት።

«ውይ እመቤቴ፣ ብርዝ ላይ ጨው?» ብላ ሳቀች አሰገደች።

«ላብሽ ማር ማር ይልሻል እንዴ?»

በዚያ ሰፈር ያን ዳገት የሚወጣ ሰው እላይ ላለው ቤተ ክርስቲያን ስለት ያለበት ነው። ስለዚህ አሰገደች እንደ ልማዷ «ስለትዎ ይስመር» ብላ መረቀቻት። ሴትዮዋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር አለች።

«ስለት የለብኝም። ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳልወጣ ከልክሎኛል፤ ባለቤቴም በሩ ላይ ዘበኛ አቁሞብኛል። የምወጣው ስላሰኘኝ ነው።»

ቀትር ካለፈ በኋላ ወረደች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ለመመለሻ ያስተረፈችውን ብርዝ ቀስ እያለች ጨረሰች። አሰገደች ደግፋ ልታስነሳት ብትል እጇን ገፋ አደረገቻት።

«ለመሆኑ ስለት ከሌለብዎ እላይ ምን አለ?» አለቻት አሰገደች።

«ቤታችን ይታያል» አለች፣ ኮዳዋን እየከደነች። «ትንሽ ነው።»