ቋንጣ የተሰቀለበት ሽቦ

አሁን በምኖርባት ፍኖተ ሰላም ጎረቤቴ ሽቦ ላይ ቋንጣ ሰቅላ ባየሁ ቁጥር ያ የልጅነት ቅናቴ ይነሣብኛል።

ቡሬ ሳለን፣ ሬዲዮ ጠጋኙ አጎቴ ሁለት ባሕር ዛፎች ላይ ረጅም የአንቴና ሽቦ ወጥረው፣ ሩቅ አገር ያለ የሬዲዮ ማሰራጫ ማሽን በሞርስ ምልክት ጢጥ ጢጥ እያለ መለያ ስሙን ሲደጋግም ያደምጡ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ከፋሲካ የተረፈውን ሥጋ ዘልዝላ ሽቦው ላይ ሰቀለችው።

«ኧረ አንቺ፣ ጆሮዬ ላይ ሥጋ ትሰቅያለሽ?» አሏት አጎቴ እየሣቁ። ከዚያ አሁንም ይሰማ እንደሆነ ብለው ማዳመጫውን ሰጡኝ። እንደ ዝናብ ከሚንሿሿ ድምፅ በቀር የሰማሁት የለም። ታናሽ እህቴ ግን ነጥቃኝ ጆሮዋ ላይ እንዳደረገችው፣ «ጢጥ ጢጥ ይላል!» ብላ ዘለለች።

አጎቴ ግንባሯን ስመው፣ «ጆሮ ያለው በቋንጣ መሐልም ይሰማል» አሉ።

ዛሬ እህቴን ስጠይቃት፣ «የቱ ድምፅ?» ትለኛለች። ሰምታ በመርሳቷም እቀናለሁ።