ካርቡሬተሩ ላይ የነበረችው ቀይ ነጥብ

ዛሬም በቀለም መሸጫ ሱቅ አጠገብ ሳልፍ የቲነር ሽታ ከመጣብኝ፣ አዳማ ያለው ግቢያችንና በሸራ የተሸፈነችው ቮልስ ተከታትለው ፊቴ ድቅን ይላሉ።

ቮልሷ የአያታችን ነበረች። አባታችን፣ አባባ የምንለው፣ የጨርቅ ሱቁን በዘጋ ቁጥር እጅጌውን ሰብስቦ ይገባባት ነበር፤ ሐሳቡ ከፋብሪካ እንደወጣች ሊያደርጋት ነበርና፣ በጋውን ሙሉ አቧራ እየጠጣ እስከ ሞጆና ባቱ ድረስ ኦሪጅናል ዕቃ ሲያድን ይውል ነበር። ዕቃ መለየት ያስተማረው የልጅነት ጓደኛው ሜካኒኩ ጋሽ ሁሴን ነው። አርብ አርብ ከስግደት መልስ እኛ ቤት እየመጣ፣ ለሱ ተብሎ የተሠራው ሽሮ እየቀዘቀዘ፣ አባባ ያገኘውን ዕቃ ይገለብጥና ከሥሩ የተቀረጸውን ቁጥር በጣቱ እየዳሰሰ «መልኩ አያታልልህ፣ ቁጥሩን አንብብ» ይለው ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ከባቱ ተገኘ፤ አባባ አቅፎት ሊተኛ ምንም አልቀረው። ግን ጋራዦች ኦሪጅናሉን አውጥተው ሌላ ይከታሉ የሚል የገበያ ወሬ ጆሮው ገብቶ ስለነበር፣ ለጋሽ ሁሴን ከመስጠቱ በፊት በእህቴ የጥፍር ቀለም ጎኑ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አኖረበት። እናቴ «ለሁሴንም?» አለችው። አባባ የቀለሙን ክዳን ገጠመ።

ቮልሷን ሐምሌ ላይ ጋሽ ሁሴን ከጋራዡ በዝናብ እየነዳ አመጣት። አባባ ሞተሩን ከፍቶ ጎንበስ ቢል ነጥቧ የለችም። «ሁሴን፣ የኔን ካርቡሬተር የት አደረስከው?» አለ። ጋሽ ሁሴን ትክ ብሎ አየውና ቁልፉን ጣሪያዋ ላይ አስቀምጦ በዝናቡ ወጥቶ ሄደ። አርብ ሽሮው ተሠራ፣ እሱ ግን አልመጣም። ዓረፋም ሲያልፍ ከቤቱ ይላክልን የነበረው ጣፋጩ ሙሸበክ ቀረ፤ እኔ ከሁሉም የከፋኝ እሱ ነበር። አባባ ቮልሷን ሸራ አልብሶ ወደዚያ መመልከት ተወ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እህቴ አዲስ ቀለም ልትቀባ አሮጌውን ከጥፍሯ በቲነር ስታስለቅቅ፣ አባባ ጥጡ ሲቀላ አየ። ጋሽ ሁሴን ዕቃ የሚያጥበው በቲነር ነበር። አባባ ሸራውን ገልጦ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ገለበጠው፤ የባቱው ቁጥር እዚያው አለ። እንደዚያን ቀን አፍሮ አይቼው አላውቅም።

በበዓሉ ጠዋት እኔን አስከትሎ ጋሽ ሁሴን ቤት ሄደና የነጥቧን ነገር ሳይደብቅ ነገረው።

«ያስከፋኝ ምልክት ማድረግህ አይደለም ግርማ፤ ቁጥሩን ሳታነብ መጠየቅህ ነው» አለው ጋሽ ሁሴን።

ታረቁ፤ አርብም ሽሮውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግን ጋሽ ሁሴን የኛን ዕቃ የሚያጥበው አባባን አስጠርቶ፣ ፊቱ ብቻ ነበር። አባባም «ኧረ አያስፈልግም» እያለ በርጩማው ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር።

አሁን ቮልሷ የኔ ናት። ጋራዥ ሳስገባት እያንዳንዱን ዕቃ በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ፤ ሜካኒኩም ብርሃኑን እንዳይጋርድብኝ ገለል ይልልኛል እንጂ ቅር አይለውም። አባባ ግን ቅር የሚለው ሜካኒክ ነበረው።