ስድስት ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ጌይተርስበርግ የሚገኝ አንድ ስቴክ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ። ከተቀመጥንበት በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ በስድስት ፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ እንደ ግንብ በቆመ ቋጥኝ ሥር ሲያልፍ ያሳያል። ከመንኮራኩሩ ኋላ የሚነሣውን አቧራ ሳይ መብላቴን ትቼ አፈጠጥኩበት። አቧራውን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ የገዛ እጄን አላጣውም።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አሜሪካ ያስገቡኝ የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ታምራት፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ ፍሬም ቤት ጀርባ የሥዕል ክፍል ነበራቸው። ምዕራብ አሜሪካም እዚህ አካባቢም ላሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የጥንቱን የሰፋሪዎች ዘመን እየሣልን እንልካለን፤ ሠረገላውን፣ የእንጨት ጣቢያውን፣ የጭቃ ምሽጉን፣ ያንን ቋጥኝ። ሁለታችንም አገሩን አላየነውም፤ ከፎቶግራፍ ነው የምንገለብጠው። ፈረሶቹ የእሳቸው ናቸው፣ ሰማዩና አቧራው የእኔ።

በረሃ የሚያቋርጥ ሠረገላ ስሥል እውላለሁ፤ እኔ ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያ ተመልሼ ሲልቨር ስፕሪንግ። የምኖረው እዚያው እሳቸው ቤት ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ የምሄደው በእሳቸው መኪና፤ ምሳዬም ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የሚቋጥሩልኝ ፍርፍር። በበረዶው ወራት ከተማውን የሚዞረው ቤልትዌይ ተዘጋግቶ፣ የመኪናው ማሞቂያ ፊቴ ላይ ሲነፍስብኝ፣ በሩን ከፍቼ መውረድ ያምረኝ ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ሰሎሞን ምዕራብ ካለችው ዴንቨር ኮል አደረገልኝ። የሚሠራበት የማስታወቂያ ቤት ሠዓሊ ይፈልጋል። «ሰኞ ካልደረስክ ሌላ ሰው ሃየር ያደርጋሉ» አለኝ። የምሥለውን አገር በዓይኔ ላየው ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ግን ለጋሽ ታምራት እንዴት ይነገራል? ዓይናቸውን እያየሁ «ልሄድ ነው» ማለት ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ወላጆቼ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት አደረግሁ። ሽማግሌ ላክሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት አዛውንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ደንቡ ቆሙ። ጋሽ ታምራት መሄድ እንደምፈልግ ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እንደ ልጄ አይደለም እንዴ የያዝኩት? ምን አጎደልኩበት?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን በደሉህ?»

«ኧረ ምንም አልበደሉኝም።»

«ክፉ ተናገሩህ?»

«በፍጹም።»

«እንግዲያማ ጠብ የለም» አሉ ፊታቸው እየበራ። «በል፣ ጉልበታቸውን ሳም።»

የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ መሆኑን፣ ማሰናበት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ምርቃቱ ተጀመረ። አሜን አልኩ። ጋሽ ታምራት አቅፈውኝ አለቀሱ፣ እትዬ አስካለ እልል አሉ፣ ምሳ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ መሄድ እርቅ ማፍረስ ነው፤ ሽማግሌ ማዋረድ ነው። እያጎረሱኝ በላሁ።

ሰኞ ሰሎሞን ደወለ። «የት ደረስክ?»

«ታረቅን» አልኩት።

«ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?»

ጋሽ ታምራት እስኪሞቱ ድረስ አብሬያቸው ሠራሁ። ዴንቨርን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ይህን ስነግራት ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። እሷ በቅርቡ ሥራዋን የለቀቀችው በሁለት መስመር ኢሜይል ነው።

«ዳድ፣ ለምን ዝም ብለህ ኩዊት አላደረግክም? ትጠላቸው ነበር?»

ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል፤ ሰውን አስሮ የሚያስቀምጠው ክፉ ሰው ብቻ ይመስለዋል። እኔን ግን ጋሽ ታምራት አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«ብጠላቸውማ ኖሮ» አልኳት፣ «ሰኞ ዴንቨር እገባ ነበር።»