ሽማግሌ ልከን ስክሪኑ ጠፋብን

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... እዚህ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ያለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌ ልናስቀምጥ ነው። ለታናሽ ወንድሜ ለዮናስ። የልጅቷ፣ የሊዲያ፣ ቤተሰቦች ያሉት ሐዋሳ ስለሆነ በኮምፒውተር እየተያየን እንድንጠይቅ ተፈቅዶልናል። ይችንም ፈቃድ ያገኘናት በስንት ልመና ነው።

አባትየው አቶ መኮንን ቀላል ሰው አይደሉም አሉ። ከኛ በፊት ለሊዲያ የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለቴ መልሰዋል። ወንድሜ ደግሞ ሊዲያን ካጣ ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ... ሰሞኑን እህል በአፉ አልዞረም።

ሽማግሌያችን ጋሼ ተስፋይ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት ድሮ አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ ስለሆነ እኛኑ ያርሙናል። ከላይ ሱፍ ከነከረባቱ፣ ከታች ቱታ ለብሰው ከች አሉ።

«ጋሼ፣ ምነው ሱሪው?»

«ካሜራው የሚያሳየው ከወገብ በላይ ነው። ጉልበቴ ደግሞ ሱሪ አልወድ ብሏል» አሉኝ።

ከዚያ ስልካችንን ሁሉ አስጠፍተው ጓዳ አስገቡት። በሽምግልና ላይ ስልክ መጮህ ነውር ነው አሉ። ዮናስንም ኩሽና ላኩት፤ ጠያቂው ልጅ ሽማግሌ መሀል አይቀመጥም።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ሳጥኑ ያጉረመርማል፣ መብራቱ በርቷል... ስክሪኑ ግን ጨለማ! ድምፅም የለም። ኪቦርዱን ከላይ እስከ ታች ደበደብኩት። ወይ ፍንክች።

«የመብራቱ ቶክን አልቆ ይሆን?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አምፖሉ እየበራ?»

«ታዲያ የሚጠግን ፉንዲ ይጠራ!»

«በእሁድ ምድር የቱ ፉንዲ ነው የሚመጣልን?»

ዮናስ ከኩሽና ተጠርቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። የስክሪኑን ገመድ ነቅሎ ይሰካል፣ ነቅሎ ይሰካል። ጋሼም አላስችል ብሏቸው ከነቱታቸው ተነስተው ስክሪኑን ከኋላ ይመታሉ። ቀጠሮው ገና ስለሆነ ጊዜ አለን ብለናል።

እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አያርፍም። «የአባትየውን ፎቶ አይቻለሁ እኮ፣ ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ነው የሚመስለው! አንድ ደቂቃ ብናረፍድ አለቀልን!»

«ዝም በይ አንቺ! እስኪሠራ ንግግሬን ልለማመድ» አሉ ጋሼ። ከረባታቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጃችን ዮናስ፣ ጊጊሪ በሚገኝ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የትራንስፖርት ኃላፊ ሲሆን...»

«ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር መጣ። «ሹፌር ነኝ ጋሼ። ሹፌር ይበሉልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ትንሽ ካላጋነነ ምኑን ሽማግሌ ሆነ? የወግ ነው!»

«እንዳይሉ ጋሼ፣ በእግዜር። ዛሬ ኃላፊ ነው ብለው ቢሰጡኝ፣ ነገ ሊጠይቁን ሲመጡ ከኤርፖርት የማመጣቸው እኔ ነኝ። መሪ ጨብጬ ምን ልላቸው ነው? ሊዲያ ሹፌር መሆኔን አውቃ ነው የወደደችኝ። አባቷም ይወቁት... ከከለከሉኝም በእውነቴ ይከልክሉኝ።»

ጋሼ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ... ይሄኔ ነው ትዝ ያለኝ። ጠዋት አቧራውን ስወለውል ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር አንዲት ቁልፍ ነክቼ ነበር። ተጫንኳት።

ስክሪኑ ቦግ አለ።

ሳሎን ሙሉ ሰው! እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። መሀል ላይ አቶ መኮንን፣ ፊታቸው እንደ ፎቷቸው።

ለካ ከሰዓቱ ቀድመው ደውለዋል፤ እኔም ኪቦርዱን ስደበድብ ጥሪውን አንስቼዋለሁ። ያቺ ቁልፍ ደግሞ ስክሪኑን ወደ ሌላ መሰኪያ ቀይራው ኖሯል። ድምፁም የሚወጣው ከስክሪኑ ስለሆነ አላየንም፣ አልሰማንም። ካሜራውና ማይኩ ግን ጤነኛ ነበሩ!

«ደህና ዋላችሁ» አሉ አቶ መኮንን። ወደ እኔ ዞረው፣ «ኮሶ የጠጣሁት ሰውዬ እኔ ነኝ።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ልጃችሁ ምን ይሠራል ብዬ ልጠይቅ ነበር...» ብለው ጋሼን አዩአቸው። ጋሼ ላባቸውን ጠረጉ።

«ሹፌር ነው» አሉ። ግን የሽማግሌ ነገር... አላስቻላቸውም። «ናይሮቢ ውስጥ እንደሱ ያለ ሹፌር አልተፈጠረም!»

አቶ መኮንን ሳቁ። «ከዚህ በፊት የተጠየቀላቸው ሁለቱም ልጆች ኃላፊ ናቸው ተብለን ነበር። ሳጣራ አንዱም ኃላፊ ሆኖ አልተገኘም። እስቲ ያ ጠረጴዛ ሥር ያለው ልጅ ይውጣና ልየው።»

ዮናስ ፀጉሩ ላይ አቧራ ተሸክሞ ወጣ። እጅ ነሳ። አቀርቅሮ ቀረ። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ወጉ ነውና ከዘመድ ተማክረን መልስ እንሰጣለን...» ብለው ሳይጨርሱ ከነሱ ጓዳ በኩል እልልታ ቀለጠ። የሊዲያ እናት ናቸው። አቶ መኮንን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይደረግ... መልሱ አምልጦ ወጥቷል። ብቻ አባት፣ ለሠርጉ ሱሪ ይልበሱልን።»

ወንድሜን አቅፌው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዮናስ ሚስት አገኘ፣ እኔም ስም አገኘሁ... ሐዋሳ ውስጥ «እትዬ ኮሶ» ነው አሉ የምባለው።