ጊታሩ የነዘረበት በጋ

ባጃጅ በደጄ ባለፈ ቁጥር የመስኮቴ መስተዋት ይነዝራል። ጢዝ ብሎ ይነሣና ባጃጁ ሲርቅ ይጠፋል፤ እኔ ግን የያዝኩትን ነገር አስቀምጬ፣ ጸሎት ላይም ከሆንኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ዓይኔን ከመጽሐፉ ነቅዬ ድምፁ ከየት እንደመጣ መፈለግ እጀምራለሁ። ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ እኮ። ድሬዳዋ ሥራ ይዤ ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው፣ ሙቀቱንም ለምጄዋለሁ፤ የሚነዝር ነገር ስሰማ አርፎ መቀመጥ አለመቻሌ ግን ከወረታ ይዤው የመጣሁት አመል ነው።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነበር። አባባ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ፤ በገናም ይደረድሩ ነበር፣ ግን በሁዳዴ ብቻ። ሌላውን ጊዜ በገናው ጨርቁን ለብሶ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርም ነበርና፣ እኛ ልጆቹ ሽቅብ እናየው ነበር እንጂ አንነካውም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አምሳሉ ዲቁናውን ትቶ ባሕር ዳር ከሄደ ወዲህ ደግሞ አባባ ስሙን አያነሡም ነበር። እማዬ ግን «ለሰንበት እመለሳለሁ ብሎኝ ነው የሄደ» እያለች፣ ያ ሰንበት ካለፈ ዘመን ቢሆነውም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መንገድ መንገዱን ታይ ነበር።

በአንድ ነሐሴ መጣ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፣ ሩዙ ከውኃው በላይ ጫፉን ብቻ አውጥቷል፣ አምሳሉ ደግሞ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ በላስቲክ የጠቀለለውን ጊታር እንደ ሕፃን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆመ። እማዬ እሱን አገላብጣ ስማ ስታበቃ ላስቲኩን አየችና «ይኼ ነገር ደግሞ ምንድር ነው?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊታሩን «ያ ነገር» ብላ እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር አልተመታም፤ ከበገናው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለና ሁለቱ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ተፋጠው ሰነበቱ።

ጾሙ ሲፈታ አምሳሉ መምታት ጀመረ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል የሚል ነበር። አባባ ጊታሩ ከግድግዳ ሲወርድ ባዩ ቁጥር ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የሚታይ አጥርም ይሁን የሚጎበኝ ጥጃ ፈልገው ይወጡ ነበር። አጥሩ ሥር ደግሞ ጎረቤታችን አያ ሙላት አይጠፋም ነበር። «መሪጌታ፣ ቤትዎ ሠርግ አለ እንዴ? ሳንጠራ ቀረን እኮ!» ሲላቸው አባባ ያልጎደለውን አጥር ሲያጣብቁ አያቸው ነበር።

ውኃው ሸሽቶ፣ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ታጭዶና ተወቅቶ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደረቁ ነፋስ መጣ። በበጋ የፎገራ መሬት እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ እንጨትም እንደ መሬቱ ነው፣ በራችን እንኳን ክረምት አልዘጋ ብሎ እንዳላስቸገረን ያኔ ሰፍቶት ሲንቋቋ ያድር ነበር። ጊታሩም በዚያ ሰሞን ታመመ። ወፍራሙ ክር ሲመታ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባ ጢንዚዛ፣ ጢዝዝ ማለት ጀመረ። አምሳሉ ክሩን አጠበቀ፣ አላላ፣ ሌላ ቀየረ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ ጀርባውን በጣቱ ቆረቆረ፤ አልተወውም። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደጅ ይወጣል፣ ተመልሶ ያንኑ ክር ይመታል። ነፋሱ፣ በሩና ክሩ ተባብረው ቤታችን ውስጥ አንድም ሰው ተረጋግቶ ምሳ የማይበላበት ሰሞን ሆነ። በመጨረሻ «ባሕር ዳር ወስጄ ካላሠራሁት አይሆንም። ለሰንበት እመለሳለሁ» አለ።

ለሰንበት ሲል እማዬ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ያ ነገር» የእሷ በሽተኛ ሆነ። የእንጨት ስብራት የሚያውቅ ሰው ካለ ብላ መንደሩን ዞረች፣ አናጢም ለመነች። አንድ ቀን ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ እንደ ወላድ ሆድ በመዳፏ እየዳበሰች «ቅቤ ብንቀባውሳ?» ስትለው አምሳሉ ከንዴቱ መካከል ሳቀ። እኔም እንደ እሷ እየሆንኩ፣ እሱ በሌለበት ክሩን እመታና ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ ጢንዚዛው የተደበቀበትን እፈልግ ነበር። እንዲድን የምንለምነው ለጊታሩ አልነበረም።

በዚህ መካከል አባባ አንድ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አምሳሉ ያንን ክር እየደጋገመ ሲመታ ደረሱ። እንደ ወትሯቸው አልሸሹም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ብዙ ቆሙና «አሁን ገና መናገር ጀመረ» አሉ።

አምሳሉ ፊቱ ጠቆረ። «ይሳለቁብኝ አባባ፤ ይገባኛል» ብሎ ጊታሩን አስቀምጦ ልብሱን መጠቅለል ጀመረ። አባባ ግራ ገብቷቸው ወደ እማዬ ዞሩ፤ እማዬም «አንቱ ሰውዬ፣ ዘመን ሙሉ ዝም ብለው ኖረው የሚናገሩት ዛሬ ነው?» አለቻቸው። ከዚያ የአምሳሉን ጉልበት ይዛ «ቅበላን ሳታሳልፍ አትሂድብኝ» ብላ ስትለምነው ልቡ ራራና ቅበላን ብቻ ሊቆይ ተስማማ።

የሁዳዴ ሰኞ ጠዋት አምሳሉ ጓዳ ውስጥ ጓዙን ሲያስር፣ አባባ በገናውን ከግድግዳ አወረዱ። ከበሮውና ጽናጽሉ ዝም የሚሉበት ጾም ስለገባ የበገናው ተራ ነበር። በዚያ ዓመት ዓይናቸው ስለደከመ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ በየክሩ ሥር፣ ክሩ ከሚያርፍበት እንጨት ላይ የምትገባውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራዋን፣ እንዳቀብላቸው አዘዙኝ። ቆዳዋን አስገብተው ክሩን ሲነኩት ዱም ብሎ ዝም አለ። «ይኼ ዲዳ ነው» አሉና ቆዳዋን በጥፍራቸው ቅንጣት ታህል ገፋ አደረጓት። እንደገና ነኩት። ያን ጊዜ ክሩ ጢዝዝ ብሎ ቤቱን ሞላው፣ የተቀመጥኩበት መደብ ሳይቀር ነዘረ፤ አባባም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ተመስገን፣ አሁን ገና መናገር ጀመረ» አሉ።

ቆዳዎቹን በትኜ ወደ ጓዳ በረርኩ።

«አምሳሉ፣ ና! አባባ አልሳቁብህም! ና ስማ!»

ገመዱን በጁ እንደያዘ መጥቶ ቆመ። አባባ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ክር እያናገሩ ነበር። እሱም «አባባ፣ ያኔ ጊታሩን መናገር ጀመረ ያሉት የምርዎን ነበር?» አላቸው።

«ታዲያ አልጀመረም? አንዱ ክር ተናገረ፤ የቀሩት እስኪከተሉት ስጠብቅ አንተ ተቆጣህ።»

አምሳሉ እየሳቀ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ። «አባባ፣ በእኛ ዘንድ እኮ እሱ በሽታ ነው!»

«በሽታ!» አሉ አባባ፣ ከልባቸው አዝነው። «በሉ አምጡት፣ በሽተኛውን እንየው።»

ሁለት ራሶች አንድ ጊታር ላይ አጎነበሱ። አምሳሉ ክሩን በጊታሩ አንገት በኩል ተጭኖ ሲመታ ድምፁ ይጠራል፣ ለቅቆ ሲመታ ይነዝራል። አባባ «ክር የሚነዝረው የሆነ ነገር ሲነካካው ነው፤ እኔ እንዲነካካው እደክማለሁ፣ ያንተን ሳትጠራው ነክቶታል» አሉ። አምሳሉ በዚህ ተነሥቶ ጊታሩን ወደ ብርሃኑ አዞረና፣ ከጊታሩ ራስ ሥር ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ ሲመረምር፣ የወፍራሙ ክር ማረፊያ ተበልታ ጎድጉዳ፣ ክሩ ዝቅ ብሎ አንገቱ ላይ ያለውን ብረት ሲልስ አገኘው። ከፍ የሚያደርገው ነገር ፈለገ። አባባ ከእንዝራው ቆዳ በምላጭ ስስ አድርገው ቀደዱና ሰጡት፤ ማረፊያዋ ውስጥ አስገብቶ ክሩን መለሰበት።

መታው። ጥርት አለ።

አባባ አዳመጡና «ደኅና ነው» አሉ። «ግን ዝም አለ።»

በዚያ ሁዳዴ ጓዙ ተፈታ። አባባ ሲደረድሩ አምሳሉ ከበስተጀርባቸው ይቀመጥ ነበር። ሆኖም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ጊታሩ ድኖ ምን ይዞት ይቆይ፣ ተመርቆ ሄደ። እማዬ እንደገና መንገድ መንገዱን እያየች «እኔው ነኝ ያስጠገንኩት፣ ምነው ዝም ባልኩ!» ትል ነበር።

ክረምት አልፎ ሌላ በጋ መጣ፣ መሬቱም ተሰነጠቀ። ሁዳዴ በገባ ማግሥት፣ ባሕር ዳር ቆዳ የጠፋ ይመስል፣ አምሳሉ ጊታሩን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆመና «አባባ፣ ደግሞ መናገር ጀመረ» አለ። እማዬ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ተመስገን፣ ተበላሸ!» ብላ እልል አለች። ቆዳዋ በበጋ ደርቃ ትኮማተር ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ በሽተኛው ይመጣ ነበር።

ባለፈው ሰንበት እማዬ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ መርዶ የምታረዳ ይመስል ነበር።

«ወንድምሽ ያን ነገር አሠራው አሉ። በቆዳዋ ፈንታ በአጥንት። ከእንግዲህ አይበላሽም።» ቀጥላም «አንቺስ ቤት የተበላሸ ነገር የለም? አባባሽ በገናውን ሊያወርዱ ነው» አለችኝ።

«መስኮቴ ይነዝራል» አልኳት።

«እንግዲያስ ይዘሽው ነያ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋም መሀል ላይ ተቆረጠ።

ያኔ አንድ ክር ነዝሮ ቤት ሙሉ ሰው አስነሥቶ ነበር፤ አሁን እኔ ዘንድ የሚነዝረው መስተዋት የሚያስነሣው እኔን ብቻ ነው። አከራዬ እትዬ ዘውዴ ዛሬ ጠዋት ሲያልፉ ሰምተውት «ልጄ፣ ጠጋኝ ልጥራልሽ? የአፍታ ሥራ ነው» አሉኝ። አመሰገንኳቸው፤ ግን ለሁዳዴ ወረታ ስለምሄድ ስመለስ ይሁን አልኳቸው። እስከዚያ ይናገር።