ለአባቴ የገዛሁት እንክብል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ወራት ቢያልፉም በዚያ ሱቅ በር ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አባቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ዳንግላ የሚኖሩ ቆራቢ ሽማግሌ ናቸው። እኔ እንጅባራ መሥሪያ ቤት ነው የምውለው። ለገና ልጠይቃቸው ስሄድ ከስተው አጥንታቸው ወጥቶ አገኘኋቸው። ሥጋ ሲበሉ ሆዳቸው ስለሚነፋ ቀመስ አድርገው ይተዋሉ።

እንጅባራ ስመለስ ቅባትና ቫይታሚን የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ ገባሁ። «ሽማግሌ ሥጋም እንቁላልም ቢበላ ሆዱ ስለማይፈጭለት ሰውነቱ አይጠቀምበትም» አለኝና ብልቃጥ አወጣ። «ይኸ ኢንዛይም ነው። ከምግብ ጋር አንድ አንድ ይዋጡ፤ በወር ውስጥ ታያቸዋለህ።» ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳነብ የምውለው ሰውዬ፣ ትልልቁን ፊደል ብቻ አይቼ ገዝቼ ወጣሁ።

ዳንግላ ወስጄ ስሰጣቸው አባቴ አመኑኝ። ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ምስር ወጣቸውን ሲበሉ ያን እንክብል አስከትለው ይውጡ ነበር።

የሆዳቸው መነፋት ስላልተወ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ስትጠይቀኝ ብልቃጡን ሰጠኋት። ገልብጣ ትንንሹን ጽሑፍ አነበበች።

«ይኸ እኮ ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ ነው» አለች።

አባቴ ቀና አሉ። «ከምን አልሽ ልጄ?»

ልጅቱ ደነገጠች፤ ግን ደገመችላቸው። አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚያበግነው ደግሞ እንክብሉ አያስፈልጋቸውም ነበር። «ጥርሳቸው አልቋል፤ ሳያኝኩ ነው የሚውጡት» አለችኝ ነርሷ። «እንቁላል፣ ወተት፣ በደንብ የበሰለ ክክ በትንሽ በትንሹ ይስጧቸው።»

በማግስቱ ነጋዴው ላይ ጮኽኩበት። «ከአሳማ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ሳያፍር። «ብነግርህ ትገዛ ነበር?»

ገበያተኞች ባይገላግሉን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የንስሐ አባታቸው «ሳያውቁ ነው፤ አይጨነቁ» ቢሏቸውም አባቴ እምቢ ብለው ሁለት ሱባኤ ያዙ። የታዘዘላቸው እንቁላልና ወተት ቀረ። ሱባኤው ሲያልቅ ነነዌ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ተተካ። ሰውነታቸው እንዲመለስ ብዬ የቀረቻቸውንም አቅም አስጨረስኳቸው። አሁን ሲነሱ ደግፌ ካልያዝኳቸው አይቆሙም።

አንድ ቀን ነጋዴውን ስራገም ሰምተው «ተው ልጄ» አሉኝ። «የክርስትና ስሙን ጠይቅልኝ። ለእኔና ለአንተ ስጸልይ እሱንም ላስበው።»

ከዚያ ወዲህ ዳንግላ በሄድኩ ቁጥር «ጠየቅኸው?» ይሉኛል። አልጠየቅሁትም። ባገኘው ከአፌ የሚወጣው እርግማን ነው፤ አባቴን ደግሞ ጠየቅሁት ብዬ መዋሸት አልችልም።