አባ ይመርን «አንተ» ያልኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ ልጅ ነበርኩ። «ይቺ ልጅ ጤናም የላት» ትል ነበር እናቴ። የምንኖረው ሲኤምሲ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ስድስት ቤቶች በአንድ ትልቅ የብረት በር በሚገቡበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ያኔ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄድ ነበር፣ እሱም ደርሶ አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሥራና ከትምህርት ቤት ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ሲል። ከየቤቱ «ኤጭ!» ሲሰማ እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም ጫማችንን ግራና ቀኝ አዟዙረን አጥልቀን ወደ በሩ እንሮጣለን። በሩ ሥር አባ ይመር አሉ።

አባ ይመር የግቢያችን ዘበኛ ነበሩ። ከወሎ ገጠር የመጡ፣ ረዥም፣ ከሲታ፣ ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሽማግሌ። ከቆርቆሮ በተሠራችው የዘበኛ ቤት ደጃፍ፣ በምስማር በተበሳሳ አሮጌ የቀለም ጣሳ ውስጥ ከሰል ያቀጣጥላሉ፤ ወቅቱ ከሆነ በላዩ ላይ በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ከመድኃኒት ጠርሙስ የሠሯት ኩራዝ አጠገባቸው ትቀመጣለች። እኔና ናሆም ጆንያ ላይ ጉልበታቸውን ተደግፈን እንቀመጥና፣ የጋዙ ሽታና የበቆሎው ጭስ እየተቀላቀለ አፍንጫችን ውስጥ ሲገባ፣ ፍሙ ፊታቸውን አንዴ ሲያቀላው አንዴ ሲያጠቁረው እያየን፣ የምንኖረው አዲስ አበባ መሆኑን እንረሳው ነበር። ብቻ በመሀል ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን አናታችን ላይ እየጮኸ ያልፋል። አባ ይመር ያኔ ተረቱን ያቆሙና «አሳልፉት፣ እንግዳ ነው» ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀን፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ «እርስዎ ተረት ያውቃሉ?» ብያቸው ነበር። ሳቁብኝ። «እርስዎ የቢሮ ነው፣ የኔ አበባ። ወረቀት ወረቀት ይለኛል። በኛ አገር ትልቅ ሰው አንቱ ነው።» ናሆም ወዲያው «አንቱ፣ ተረት ንገረኝ!» አለ። «አንቱ ካልክ ይንገሩኝ በል እንጂ፣ አንተ ግማሽ ባለጌ!» ብለው ጆሮውን ያዝ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ አንቱ ያላለ ተረት አይሰማም። ናሆም ሙሉ ባለጌ እንዳይባል ቤት ውስጥ ሳይቀር ይለማመድ ነበር፤ ድመታችንን «አንቱ፣ ከአልጋው ይውረዱ» ሲል እናቴ ሰምታ በሳቅ ፈርሳለች።

አሁን ከስድስቱ ቤቶች ስለ ሦስት ቁጥሩ ቤት ሰውዬ ልናገር ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና እሱን አንቱ አልለውም። መኪናውን በሩ ላይ ያቆምና ጡሩንባውን ይለቀዋል። «አንተ! ተኝተሃል?» አባ ይመር አልተኙም፤ እኛ ምስክር ነን። ግን ያቺን «አንተ» ሲሰሙ አንድ ነገር ይሆናሉ። ወገባቸው ይጎብጣል፣ ቁልፉ ከእጃቸው ይወድቃል፣ ወደ ቀኝ የሚሳበውን መወርወሪያ ወደ ግራ ይስባሉ። ፍም ላይ ያለ በቆሎ ሲያገላብጡ ንቅንቅ የማይሉት ጣቶች ያኔ ይንቀጠቀጣሉ። ሰውዬው አባቴን «ይሄ ሽማግሌ ደንዝዟል፣ ይቀየር» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ ግራ ገባው፤ እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባ ይመር፣ እንደምን አመሹ?» ሲላቸው በሩ በአንድ እጅ ወለል ይላልና።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አባ ይመር፣ ሰውዬው ሲመጣ በሩ ለምን ይጠፋዎታል?» አልኳቸው። በቆሎውን ገለበጡ።

«ሰው እንዳጠራሩ ነው አመጣጡ፣ የኔ አበባ» አሉኝ። እኔም እንደገባኝ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

የጅቡ ተረት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ሳምንት ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ነበር መሰለኝ ሦስት ቀን በተከታታይ መብራት ጠፋ፤ ተረቱም ሦስት ቀን ሄደ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ብላችሁ ትስቃላችሁ» ብለው ጀመሩ። «ቁርበቱ ከተነጠፈለት ወዲያ ምን እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ የለም።»

አገሬው ቁርበቱን አነጠፈለት። «አንቱ፣ እንደምን ዋሉ?» አለው። ጅቡ ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ያኔ ጥርሱ እንዳይታይ አፉን ገጠመ። አባ ይመር እዚህ ላይ አፋቸውን ገጥመው ጉንጫቸውን ነፍተው ሲያሳዩን ናሆም ከጆንያው ላይ ይንከባለላል። ሰንበትበት ሲል ሰው ሲጣላ እሱ ዘንድ ለዳኝነት ይመጣ ጀመር፤ እናቶች ገበያ ሲሄዱ ልጅ ጥለውበት ይሄዱ ጀመር። ማታ ማታ ሆዱ ሲጮህና የበጉ ሽታ ሲመጣበት፣ ጅቡ ራሱን በራሱ ይቆጣ ነበር፤ «ኧረ አንቱ! ይኼ ለአንቱ የሚገባ ነገር ነው?» ይላል። ብሎ ብሎ ጅብነቱ ራሱ ተረሳው።

በተረቱ ሦስተኛ ማታ ላይ አንድ የጨው ነጋዴ መጣ። ከጅቡ አገር ነው፤ አንድ ዘመን ጅቡ አህያውን በልቶበታል። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ነጋዴው በሩ ላይ ቆመና ቁርበቱ ላይ የተቀመጠውን አየ። ጅቡም አየው። ነጋዴው አፉን ከፈተ...

መብራት መጣ! ስድስቱም ቤቶች በአንድ ላይ «ዬዬ!» አሉ፤ የሦስት ቁጥሩ ጡሩንባም ተከተለ። አባ ይመር ኩራዟን እፍ ብለው ተነሡ።

«ምን አለው? አንተ ነው አንቱ ያለው?» አለ ናሆም ኩታቸውን ጨብጦ።

«ነገ። መብራት ባይጠፋም ነገ እጨርሰዋለሁ።»

በነጋታው ሊዲያ ከሁለት ልጆች ጋር እኛ ቤት መጣች። ሊዲያ የክፍላችን ልጅ ናት፤ በአባቷ መኪና የምትመጣ፣ ቤታቸው ዘበኛው ዩኒፎርም የሚለብስ። ለቡድን ሥራ እኛ ቤት እንገናኝ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ክፍሌን በሐሳቤ ሳጸዳ ነው ያደርኩት። እንግዲህ አባ ይመር በሩን ከፈቱ። ቆባቸው ጠማማ፣ እጃቸው በከሰል የጠቆረ፣ ፊታቸው በሳቅ የተሞላ። «የኔ አበባ፣ መጣሽ? ዛሬ እኮ ነጋዴው አፉን ይከፍታል!» አሉኝ።

ልጆቹ ተያዩ። ሊዲያ «ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ልታፍን ነው። እኔ ፊቴ ነደደ። እናም ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ ኧረ አውቀዋለሁ፣ የሦስት ቁጥሩ ሰውዬ ድምፅ በኔ አፍ ወጣ።

«አንተ፣ በሩን ዝጋና ሥራህን ሥራ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ቁልፉ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ «እሺ፣ እትዬ» አሉኝ። እኔ ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር።

ይሉኝታ ሰውን ከክፉ ነገር ያስጥላል ሲባል እሰማለሁ። እኔን ግን ክፉ ያደረገኝ እሱ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እንኳን አንተ ልላቸው፣ ጥቁር እጃቸውን ይዤ ነበር ወደ ውስጥ የምገባው። ሦስት ጥንድ የልጅ ዓይን ነው ያችን ቃል ከጉሮሮዬ ጎትቶ ያወጣት። ይኼ ማመካኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አፉ የኔ ነበር።

ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ ናሆምን ተከትዬ ሄድኩ። ናሆም ገና ሳይቀመጥ «ጅቡስ?» አላቸው።

«አለቀ እኮ» አሉት ራሱን እየዳበሱ። «እትዬ ጨርሰውታል።»

ናሆም አልገባውም። እኔም ያኔ በደንብ አልገባኝም። ጆንያው ላይ ልቀመጥ ስል አባ ይመር ከዘበኛ ቤቷ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አወጡ፣ በኩታቸው ጫፍ ጠረጓት፣ «አረፍ ይበሉ» አሉኝ። በቆሎውን ለኔ አስቀደሙ፣ በሁለት እጃቸው፣ «እንኩ» ብለው። ሲያሾፉብኝ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከልባቸው ነው። ናሆም ጉልበታቸውን ተደግፎ ሌላ ተረት ሲሰማ እኔ ከፍሙ ራቅ ብዬ ከፍ ብዬ ተቀምጬ በቆሎዬን በእንባ በላሁት። ጅቡ ቁርበት ሲነጠፍለት ደስ ብሎታል። እኔ ስሙኝ፣ የተነጠፈልኝን ጠልቼ ሞቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያላደረግኩት የለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቴ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከምሳ ዕቃዬ ብርቱካን አስተርፌ እሰጣቸዋለሁ። ይቀበሉኛል፣ ይመርቁኛል። ግን «ገቡ?» ይሉኛል፣ «ዋሉ?» ይሉኛል። ያቺ «የኔ አበባ፣ መጣሽ?» ጠፋች። ለእናቴ ልነግራት አስቤ ምን ብዬ? ዘበኛው አከበረኝ ብዬ ልክሰሳቸው?

በዓመቱ ዓይናቸው ደከመና ልጃቸው ወደ አገር ሊወስዳቸው መጣ፤ መገናኛ ላይ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነበር። ዕቃቸው አንድ ሻንጣና ያቺ ጆንያ ናት። እኔና ናሆም ሮጠን ወጣን። በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ራሳቸው ከፈቱት። እኔ ከሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ኩታቸውን ያዝኩና «አባ ይመር፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። አንድ እጃቸውን በኔ ራስ፣ አንዱን በናሆም ራስ ላይ አደረጉ።

«አብሽሩ» አሉ። መኪናው ሄደ።

ወሎዬ ሰው ሲያጽናና «አብሽር» ይላል፣ ለሴት ልጅ ከሆነ «አብሽሪ»። «አብሽሩ» ግን ለብዙ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው ከሆነ ደግሞ የአንቱታ ነው። እንግዲህ እኔ ይህን ያህል ዓመት የተሸከምኩት ይችን ነው። ለሁለታችን፣ ለሁለቱ ልጆቻቸው ብለውት ከሆነ ይቅር ብለውኛል። ለኔ ብቻ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው እትዬ ነበርኩ። ናሆምን ልጠይቀው እችል ነበር፤ መልሱን ፈርቼ ሳልጠይቀው አደግን።

ዛሬ የምሠራው ኤርፖርት ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ሳስተናግድ እውላለሁ። በቅርቡ ወደ ሐጅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች በብዛት የሚያልፉበት ቀን ነበር። ሰልፉ ተጠማዝዟል፣ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ እግሬ አብጧል። አንድ ነጭ የለበሱ አዛውንት ፊቴ ቆመው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። «አባ፣ ፓስፖርትህን አውጣ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» አልኳቸው። የያዙት ከረጢት ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ሲሉ ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ።

ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ ከረጢቱን አነሣሁ። «አባቴ፣ አንቱ አይቸኩሉ፤ ሰዉ ይጠብቃል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ቀስ ብለው ወገባቸውን አቀኑ፣ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን በቀጥታ ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና ፓስፖርቱን አወጡ። መጀመሪያውኑ እዚያ ነበር። እኔ እንባዬ መጣ፤ በሰልፍ ሰው ፊት!

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ በዚያ በማውቀው የወሎ አነጋገር። «ደክሞሽ ነው።»

ከሥራ ስወጣ ገና ታክሲ ሳልይዝ ለናሆም ደወልኩለት። «ያኔ አባ ይመር አብሽሩ ያሉት ለማን ነው?» ሰላም እንኳ አላልኩትም። «ለሁለታችን ነዋ! እኔም እኮ እያለቀስኩ ነበር» አለኝ። ማልቀሱን አላየሁም ነበር። ናሆም እኔን ለማጽናናት ሲል እንደሚዋሽም አውቃለሁ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቢሆንም አመንኩት።

የዚያ ግቢ በር ዛሬ በሪሞት ነው የሚከፈተው፤ ዘበኛም የለውም። በዚያ ሳልፍ አሁንም ነጋዴው አፉን ከፍቶ ደጃፉ ላይ የቆመ ይመስለኛል፣ ጅቡም ቁርበቱ ላይ ሆኖ የምትወጣውን ቃል ይጠብቃል። መጨረሻውን እኔ ስላበላሸሁት ለልጅ ነግሬው አላውቅም። አባ ይመር በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ካሉ ግን፣ ተረቱ ይቅርብኝ፣ አንዲት ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ «አንቺ» ብለው በጠሩኝ።